ብረት የተጨመረበት ባለ ቀዳዳ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፦ ቀለሙ ተለወጠ፣ ሥራው ግን ቀነሰ

የላብራቶሪዋ ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በማቴሪያል ኬሚስትሪ የ2ኛ ዲግሪ መመረቂያዬን እየሠራሁ ነው። ርዕሴ ከጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ የሚወጣውን ቀለም ያዘለ ፍሳሽ ከፀሐይ በሚመጣ የሚታይ ብርሃን ለማጣራት የሚያገለግል ባለ ቀዳዳ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ማዘጋጀት ነው። እንደምታውቁት የአናቴዝ (አንደኛው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የክሪስታል ዓይነት) ባንድ ጋፕ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ኃይል፣ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት በመሆኑ የሞገድ ርዝመቱ ከ387 ናኖሜትር በላይ የሆነ ብርሃን አይሠራበትም፤ ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ውስጥ ደግሞ የአልትራቫዮሌቱ ድርሻ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ የሚታየውንም ብርሃን እንዲጠቀም በብረት ዶፕ ለማድረግ (ጥቂት የብረት አዮን ክሪስታሉ ውስጥ ለማስገባት) ወሰንኩ።

አሠራሬ እንዲህ ነበር። 2 ግራም ፒ123 (ቀዳዳውን ቀርጾ ኋላ ተቃጥሎ የሚወጣ ፖሊመር) በ20 ግራም ኢታኖል አሟሟሁ፤ ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ካከልኩበት በኋላ 0.02 ሞል ቲታኒየም አይሶፕሮፖክሳይድ እያማሰልኩ ቀስ በቀስ ጨመርኩ። ከዚያም ከቲታኒየሙ 5 ሞል ፐርሰንት የሚሆን ብረት በአይረን ናይትሬት መልክ አስገባሁ። ድብልቁን በሰፊ የመስታወት ሳህን ላይ አፍስሼ በ40 ዲግሪ ለ4 ቀናት አደረቅሁት፤ በመጨረሻም በደቂቃ አንድ ዲግሪ እንዲወጣ ፕሮግራም በሰጠሁት ፈርነስ (የላብራቶሪ ምድጃ) በ450 ዲግሪ ለ4 ሰዓታት አቃጠልኩት። ብረት የሌለበትንም በዚያው መንገድ አዘጋጅቻለሁ። (ብረት ያለበት በሚቃጠልበት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፈርነሱ የተነሣው ጠዋት እንደገና ነው፤ ይህ ግን ብዙ ለውጥ የሚያመጣ አይመስለኝም።)

ውጤቱ ግራ አጋብቶኛል። ዱቄቱ ከነጭ ወደ ሸክላ መሰል ቀለም ተለውጧል፤ ብርሃን የሚውጥበት ወሰንም ከ500 ናኖሜትር አልፏል። በታውክ ሥዕል (ከብርሃን መዋጥ ልኬት ባንድ ጋፕ በሚሰላበት ሥዕል) ያገኘሁት ባንድ ጋፕ 2.4 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በኤክስአርዲ (የክሪስታልን ዓይነት በሚለየው የኤክስሬይ ልኬት) የሚታየው አናቴዝ ብቻ ሲሆን ከዚያው ልኬት በሼረር ቀመር ያሰላሁት የክሪስታል መጠን ለነጩ 10፣ ለባለ ብረቱ 12 ናኖሜትር ነው። የገጽ ስፋቱ ግን በቢኢቲ (ገጹ ላይ በሚያርፍ ጋዝ መጠን ስፋትን በሚለካ ዘዴ) ሲለካ ከ142 ወደ 61 ስኩዌር ሜትር በግራም ወርዷል። ሜቲሊን ብሉ የተባለውን የሙከራ ቀለም በማጥፋት በኩል ደግሞ ባለ ብረቱ ዱቄት በአልትራቫዮሌት ሥር ከነጩ በግልጽ አንሷል፤ በሚታየው ብርሃን ሥር ግን መጠነኛ ሥራ ይሠራል።

ሦስት ነገር እንድትነግሩኝ እለምናለሁ፦ ብረቱ በእርግጥ ክሪስታሉ ውስጥ ገብቷል ወይ? ቀዳዳው ለምን ተበላሸ? ባንድ ጋፑ ጠብቦ ሳለ ሥራው ለምን ቀነሰ?

የድሮ መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽን በቅጡ ጽፈሻል፤ ብዙ ሰው «ለምን አልሠራልኝም?» ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሦስቱ ጥያቄዎችሽ በእኔ ዓይን አንድ ጥያቄ ናቸው፤ እሱም «ብረቱ የተቀመጠው የት ነው?» የሚለው ነው። ይህ ሳይመለስ ባንድ ጋፕ ጠበበ፣ ቀዳዳ ተበላሸ ማለት ከመላምት አያልፍም።

ዶፒንግ የምንለው እንግዳው አዮን በክሪስታሉ ውስጥ የባለቤቱን መቀመጫ ሲይዝ ነው። አንቺ የጨመርሽው ብረት ግን ከሦስት ቦታ በአንዱ ወይም በሦስቱም ሊገኝ ይችላል። የቲታኒየሙን መቀመጫ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ በክሪስታሎቹ ገጽ ላይ በተናጠል ተበትኖ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ለብቻው ተሰብስቦ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ ሆኖ በየቀዳዳው ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው በቀላል አማርኛ ዝገት ነው። ባለ 3 ቻርጅ ብረት 0.645፣ ባለ 4 ቻርጅ ቲታኒየም 0.605 አንግስትሮም ራዲየስ ስላላቸው ብረቱ ለመግባት መጠኑ አይከለክለውም፤ ሊገባ ይችላል ማለት ግን ገብቷል ማለት አይደለም። ቻርጁም ስለማይመጣጠን ሁለት የብረት አዮኖች በገቡ ቁጥር አንድ ኦክስጅን መጉደል አለበት። 5 ሞል ፐርሰንቱ በሙሉ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ከኦክስጅን መቀመጫዎች 1.25 በመቶው ባዶ ይሆን ነበር፤ ይህ ደግሞ በቀዳዳ ግድግዳ ውስጥ ላለች 10 ናኖሜትር ክሪስታል ቀላል ሸክም አይደለም።

ቀለሙን ማስረጃ አታድርጊው። ሄማታይት (ቀዩ የብረት ኦክሳይድ) ራሱ ባንድ ጋፑ 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ስለሆነ በትንሽ መጠን ከነጭ ዱቄት ጋር ቢደባለቅ እንኳ ያንኑ የሸክላ ቀለም ይሰጣል። የታውክ ሥዕል አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር እንዳለ አስቀድሞ ስለሚያስብ፣ ሁለት ነገር የተቀላቀለበትን ዱቄት ስታቀርቢለት ከሁለቱም ያልሆነ መካከለኛ ቁጥር ያወጣልሻል። የመጀመሪያውን የብርሃን መዋጥ ሥዕል ተመልከቺው፤ የአናቴዙ ወሰን በቦታው ቆሞ ከጎኑ ረጅም ጭራ ብቻ ከወጣ ባንድ ጋፑ አልጠበበም፤ 2.4 የሚለውን ቁጥርም ከጽሑፍሽ ማውጣት ይኖርብሻል።

አንድ ቀላል ፈተና ልንገርሽ። 0.2 ግራም ዱቄት በ20 ሚሊ ሊትር 2 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አድርገሽ በ60 ዲግሪ ሌሊቱን ሙሉ አማስዪው፤ ጠዋት በሴንትሪፊውጅ ለይተሽ ከላይ ከሚቀረው ፈሳሽ ላይ ጥቂት የፖታሲየም ታዮሳያኔት ጠብታ ጨምሪበት። አናቴዝ በዚህ አሲድ አይሟሟም፤ ገጹ ላይ ያለው ብረት ግን ይሟሟል፤ ፈሳሹም ደም ይመስላል። ነጩንም ዱቄት በዚያው መንገድ ፈትኚው፤ አሲዱ ራሱ ብረት ሊኖርበት ይችላልና። ፈተናው የሚያሳይሽ አሲዱ የደረሰበትን ብረት ብቻ መሆኑን ግን አትርሺ፤ በተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ የታሰረው ስለማይወጣ የምታገኚው ቁጥር ዝቅተኛው ግምት ነው።

ስለ መጠኑ ደግሞ 5 ሞል ፐርሰንት በዚህ ሙያ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቾይ፣ ተርሚንና ሆፍማን 21 የብረታ ብረት አዮኖችን በጣም ደቃቅ በሆነ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ውስጥ አስገብተው ሲፈትኑ፣ ባለ 3 ቻርጁን ብረት ጨምሮ የተወሰኑት ሥራውን ያሻሻሉት ከ0.1 እስከ 0.5 በመቶ በሚሆን መጠን ነው። አሉሚኒየምና ኮባልት በአንጻሩ ሥራውን ቀንሰውታል። ምክንያቱን እንዲህ አስቢው፦ ብርሃን ሲያርፍ ኤሌክትሮንና ሆል ይፈጠራሉ (ሆል ማለት ኤሌክትሮኑ ለቆት የሄደው ባዶ ስፍራ ነው፤ «ቀዳዳ» ብዬ ብተረጉመው ከእውነተኛው ቀዳዳችን ጋር ስለሚምታታ እንዳለ ትቼዋለሁ)። ጥቂት የብረት አዮን ኤሌክትሮኑን ወይም ሆሉን ለቅጽበት ይዞ ያቆይና ወደ ገጹ የሚደርስበትን ጊዜ ይሰጠዋል። ብረቱ ሲበዛ ግን ማረፊያዎቹ ስለሚቀራረቡ ሁለቱ በመንገድ ላይ ተገናኝተው ይጠፋሉ፤ የተዋጠው ብርሃንም ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንቺ በአልትራቫዮሌት ሥር ያየሽው ጉድለት ከዚህ ጋር ይስማማል።

የመጨረሻው ሜቲሊን ብሉ ነው። ይህ ቀለም ራሱ በ664 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣል፤ ብርሃኑን የዋጠው ቀለም ኤሌክትሮኑን ለቲታኒየም ዳይኦክሳይዱ ሰጥቶ ራሱ ይፈርሳል። ስለዚህ በሚታየው ብርሃን ሥር ያየሽው ሥራ የካታሊስቱ (ሥራውን የሚያፋጥነው የዱቄቱ) ይሁን የቀለሙ አታውቂም። ፌኖልን የመሰለ ቀለም የሌለው ንጥረ ነገር ተጠቀሚ፤ በ270 ናኖሜትር ትከታተዪዋለሽ። መብራቱን ከማብራትሽ በፊትም ዱቄቱንና ፈሳሹን ለአንድ ሰዓት በጨለማ አማስዪ፤ የገጽ ስፋታቸው በዚህን ያህል የሚለያይ ሁለት ዱቄቶች ቀለምን በመምጠጥ ብቻ የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ።

ባለ ራጅ

መምህሩ ባሉት እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ ኤክስአርዲው ብቻ ነው። «የሚታየው አናቴዝ ብቻ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ «ስለዚህ ብረቱ ክሪስታሉ ውስጥ ገብቷል» ወደሚል ድምዳሜ ያመራል። ይህ ድምዳሜ አይከተልም። የጨመሩት ብረት በሙሉ ሄማታይት ሆኖ ቢሆን እንኳ ከዱቄቱ ክብደት 5 በመቶ ገደማ ነው የሚሆነው፤ ይህ መጠን በ2 ወይም በ3 ናኖሜትር ብናኝ ከተበተነ ፒኩ (በሥዕሉ ላይ የሚወጣው ጫፍ) እጅግ ሰፊና ዝቅ ያለ ስለሚሆን ከመነሻው መሥመር አይለይም።

ሌላም ችግር አለ። መሣሪያዎ የመዳብ ቱቦ የሚጠቀም ከሆነ፣ አብዛኛው እንዲያ ነው፣ የመዳቡ ጨረር የብረትን አቶም ቀስቅሶ ብረቱ ራሱ ጨረር እንዲረጭ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት ብረት ያለበት ናሙና የመነሻ መሥመሩ ከፍ ይላል፤ ሊያዩት የፈለጉት ደካማ ፒክም በዚያ ውስጥ ይሰጥማል። ሁለቱን ሥዕሎች በአንድ ሚዛን ላይ ደርበው ቢያዩ ይህ ከፍታ ወዲያው ይታይዎታል።

ስለ ፒክ መንሸራተትም ቢሆን፣ የአናቴዝ ዋናው ፒክ በ25.3 ዲግሪ ላይ ነው፤ የሁለቱ አዮኖች የራዲየስ ልዩነት 0.04 አንግስትሮም ብቻ በመሆኑ የሚጠበቀው መንሸራተት በጣም ትንሽ ነው። ዱቄቱን ሳህኑ ላይ ሲጠቀጥቁ በሚሊ ሜትር ክፋይ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ከዚያ የበለጠ መንሸራተት ይፈጠራል። መንሸራተቱን ማመን ከፈለጉ ጥቂት የሲሊከን ዱቄት በሙቀጫ አብረው ፈጭተው ይለኩ፤ የሲሊከኑ ፒክ በ28.44 ዲግሪ ላይ መውደቅ ስላለበት ስሕተቱን በእሱ ያርሙታል። ራማን (ንጥረ ነገርን በሌዘር ብርሃን የሚለይ መሣሪያ) ማግኘት ከቻሉ ደግሞ ለሄማታይት ከኤክስአርዲ ይበልጥ ንቁ ነው፤ ከ144 የአናቴዝ ፒክ ቀጥሎ በ225ና በ292 አካባቢ የሚታይ ነገር ካለ ዝገቱን አግኝተውታል ማለት ነው። የሌዘሩን ኃይል ግን ዝቅ ያድርጉት፤ ጥቁር ቀይ ዱቄት ሙቀት ስለሚውጥ ሌዘሩ ራሱ ሄማታይት ሊሠራልዎት ይችላል።

ከፈርነሱ አጠገብ

ሁላችሁም ስለ ብረቱ ስትነጋገሩ በቅንፍ ውስጥ የገባችውን ዓረፍተ ነገር ዘለላችኋት። እኔን ያስደነገጠችኝ እሷ ናት። መብራት ሲጠፋ ፈርነሱ ስንት ዲግሪ ደርሶ ነበር? ጠዋት ሲነሣስ በደቂቃ አንድ ዲግሪ እንዲወጣ የሰጡትን ፕሮግራም ይዞ ነው ወይስ በሙሉ ኃይሉ ነው የወጣው? ብዙ ፈርነሶች ኃይል ሲቋረጥባቸው ፕሮግራሙን ረስተው በቀጥታ ወደ መጨረሻው ዲግሪ ይሮጣሉ። እንዲያ ከሆነ ነጩና ባለ ብረቱ ዱቄት የተለያየ እሳት ያዩ ናቸውና ልዩነታቸውን ሁሉ ብረት ላይ ማላከክ አይቻልም።

ስለ ቀዳዳው የማውቀውን ልንገርዎ። ለብዙ ዓመታት የመኪና ጭስ በሚያጣራ የአሉሚና ካታሊስት ላይ ስለሠራሁ ከቀዳዳ ጋር ያልተጣላሁበት ቀን ጥቂት ነው። የእንጀራን ዓይን ያስቡ። ዓይኑ የሚወጣው ሊጡ ገና ለስላሳ ሳለ አየሩ ሲያልፍበት ነው፤ ምጣዱ ከመጠን በላይ ከጋለ ወይም ሊጡ ሌላ ዱቄት ከበዛበት ግን ዓይኑ ይደፈናል። በእርስዎ ዱቄት ዓይን አውጪው ፒ123 ነው። እሱ ከ200 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ተቃጥሎ ሲወጣ ግድግዳው ገና አልጠነከረም። እርስዎ ደግሞ የጨመሩት የብረት ናይትሬት ነው። ናይትሬት ከኦርጋኒክ ነገር ጋር ሲሞቅ ኦክስጅኑን እየሰጠ ያነደዋል፤ ብረቱም ማቃጠሉን ያፋጥናል። ስለዚህ ፈርነሱ 250 ሲል ክሩሲብሉ ውስጥ ያለው ዱቄት ከዚያ በጣም የላቀ ሙቀት ሊኖረው ይችላል፤ በተለይ ዱቄቱ ወፍራም ሆኖ ከተከመረ። ዘጠኝ ሞለኪውል ውኃ ይዞ የሚመጣ ጨው መሆኑም የአይሶፕሮፖክሳይዱን ሃይድሮሊሲስ (በውኃ መፍረስ) ስለሚያፈጥን ዓይኑ ገና ከመጀመሪያው ሳይደረደር ሊቀር ይችላል።

አሁን ቁጥርዎን እንመልከት። የአናቴዝ ጥግግት 3.9 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ 6000ን ለጥግግቱና ለክሪስታሉ ዲያሜትር ብዜት ብናካፍል ያልተጣበቁ ክብ ክሪስታሎች ሊኖራቸው የሚችለውን የገጽ ስፋት እናገኛለን። ለ10 ናኖሜትር 154 ይሆናል፤ የነጩ ዱቄት 142 ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ለ12 ናኖሜትር 128 መሆን ነበረበት፤ እርስዎ ያገኙት ግን 61 ነው። እንግዲህ ክሪስታሎቹ ብዙ አላደጉም፤ ከገጻቸው ግማሹ የተሸሸገው ወይ ግድግዳው ወድቆ ስለተጣበቁ ወይም የብረት ኦክሳይድ የቀዳዳውን አፍ ስለዘጋው ነው። ሁለቱን ለመለየት መምህሩ ያዘዙትን የአሲድ እጥበት ይጠቀሙበት፤ የታጠበውን ዱቄት አድርቀው ቢኢቲውን ዳግም ያስለኩ። ስፋቱ ከተመለሰ ችግሩ መዘጋት ነበር፤ ካልተመለሰ ግድግዳው ወድቋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እንግዳ አዮን ሁልጊዜ የቀዳዳ ጠላት አይደለም። ጋማ የተባለው የአሉሚና ክሪስታል ዓይነት ከ1000 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ቀዳዳውን ጥሎ አልፋ ወደተባለው ዓይነት ይለወጣል፤ ጥቂት በመቶ ላንታነም ሲጨመርበት ግን ይህን ለውጥ ወደ ላይኛው ሙቀት ይገፋዋል። የሚገርመው ላንታነም ትልቅ አዮን በመሆኑ አሉሚናው ውስጥ አለመግባቱ ነው። ገጹ ላይ ተቀምጦ አቶሞች ከቦታ ቦታ እንዳይንሸራተቱ ያግዳል እንጂ። ብረት በአናቴዝ ላይ የሚያደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የኦክስጅን ክፍት ቦታ ስለሚያበዛ አቶሞች በቀላሉ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋል፤ ወደ ሩታይል (ሌላው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ዓይነት) መለወጥንም ያፋጥናል። ስለዚህ እንግዳው የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ከእሱ በሚፈለገው ሥራ ነው።

አረንጓዴ ኬሚስት

ይህን ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል? ብረቱን ትተሽ ናይትሮጅን ሞክሪ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሳሂ ቡድን በናይትሮጅን ዶፕ የተደረገ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከ500 ናኖሜትር በታች ባለው የሚታይ ብርሃን እንደሚሠራ ካሳየ ጀምሮ ብዙ ሰው በዚያው መንገድ ሄዷል። ዩሪያ ርካሽ ነው፤ ከሶሉ (ገና ካልደረቀው ፈሳሽ ድብልቅ) ጋር ደባልቀሽ በ450 ዲግሪ ብታቃጥዪው ቢጫ ዱቄት ታገኛለሽ፤ ቀዳዳውም አይጎዳም። እኔ በዚህ መንገድ ሠርቼ ተመርቄበታለሁ።

የድሮ መምህር

ወንድሜ፣ ናይትሮጅንን አልነቅፍም፤ ያመጣኸው ሥራ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ለልጅቷ የምትሰጣት ምክር ከአንዱ ወጥመድ አውጥቶ ሌላው ውስጥ ይከታታል። ዩሪያ በዚያ ሙቀት ሲቃጠል ከፊሉ እርስ በርሱ ተያይዞ ካርቦንና ናይትሮጅን የበዛበት ቢጫ ቅሪት ይሆናል፤ ይህ ቅሪት በቲታኒየም ዳይኦክሳይዱ ገጽ ላይ ተለጥፎ ራሱ የሚታየውን ብርሃን ይውጣል። ስለዚህ ቢጫነቱ እንደ ሸክላው ቀለም ሁሉ ናይትሮጅኑ ኦክስጅንን ስለመተካቱ ምንም አይናገርም። በኤክስፒኤስ (የገጹን አቶሞች ትስስር በሚያሳይ የኤክስሬይ ልኬት) ስትመለከተው 397 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የሚወጣው ናይትሮጅን ከቲታኒየም ጋር መያያዙን ሲያመለክት፣ 400 ላይ የሚወጣው ግን በክሪስታሉ መካከል የተሰነቀረ ወይም ገጹ ላይ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። አንተ በሠራኸው ላይ የትኛው እንደነበረ ብትነግረን ሁላችንም እንማርበታለን።

ለልጄ ግን ምክሬ በብረቱ እንድትቀጥዪ ነው፤ ጥያቄውን ጀምረሽዋል። መጠኑን ወደ 0.5 ሞል ፐርሰንት አውርጂው። ለ0.02 ሞል ቲታኒየም የሚያስፈልግሽ 0.0001 ሞል ብረት ነው፤ ይህ በናይትሬቱ ሲመዘን 0.04 ግራም ስለሆነና ጨውም አየር ላይ ውኃ ስለሚስብ በቀጥታ አትመዝኚው። 0.1 ሞላር የሆነ መፍትሔ በኢታኖል አዘጋጅተሽ 1 ሚሊ ሊትር በፒፔት ውሰጂ። ከናይትሬትም ውኃ የሌለበት ፌሪክ ክሎራይድ ይሻልሻል፤ ሶሉ ውስጥ አስቀድሞ ክሎራይድ አለና እንግዳ አይሆንበትም፤ ከፈርነሱ አጠገብ ያሉት ሰው የጠቀሱት መቀጣጠልም ይቀንሳል።

የላብራቶሪዋ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአምስት ሳምንታት የጠፋሁት ያላችሁኝን ስሠራ ነው።

መጀመሪያ ስለ መብራቱ። ፈርነሱን ባዶውን አስነሥቼ በ200 ዲግሪ ላይ ኃይሉን ሆን ብዬ አቋረጥኩና እንደገና ሰጠሁት። በደቂቃ አንድ ዲግሪ የሚለውን ትእዛዝ ረስቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ 450 ደረሰ። በማግሥቱ ነጩን ዱቄት በዚህ መንገድ አቃጥዬ ሳስለካው የገጽ ስፋቱ 142 የነበረው 97 ሆነ። ማለትም ለጉድለቱ ግማሽ ያህሉ ተጠያቂ ብረቱ ሳይሆን እኔው በቅንፍ ውስጥ የደበቅኋት ሌሊት ናት።

የአሲዱ ፈተና ይበልጥ አስገረመኝ። ጠዋት ላብራቶሪ ስገባ ቢከሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጠጅ መስሎ ነበር፤ ታዮሳያኔቱን የመጀመሪያዋን ጠብታ ስጨምርበት ወዲያው ደም መሰለ፤ የነጩ ዱቄት ፈሳሽ ግን ምንም ሳይለወጥ ቀረ። ዱቄቱ ታጥቦ ሲደርቅ ሸክላው ጠፍቶ የቅቤ ዓይነት ፈዛዛ ቢጫ ሆኗል። የብርሃን መዋጥ ሥዕሉም ከ500 በላይ ያለውን ጭራውን አጥቶ የአናቴዙ ወሰን ከነበረበት ብዙም ሳይርቅ ቆሞ አየሁት። 2.4 የሚለውን ቁጥር ሰርዤዋለሁ። የታጠበው ዱቄት የገጽ ስፋት ከ61 ወደ 74 ብቻ ስለተመለሰ መዘጋት ነበረ፤ የባሰው ግን መውደቁ ነው።

ከዚያም 0.5 ሞል ፐርሰንቱን በክሎራይድ ሠራሁ። ዱቄቱን በሰፊ ሳህን ላይ ስስ አድርጌ ዘርግቼ፣ በ220 ዲግሪ ለ3 ሰዓታት አቆይቼ፣ ከዚያ ወደ 450 ወሰድኩት፤ ማታ ላይ አልነበረም። የገጽ ስፋቱ 131 ሆነ። በፌኖል ስፈትነው በአልትራቫዮሌት ሥር ከነጩ በመጠኑ ይሻላል፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሜው ልዩነቱ አልጠፋም። ከ420 ናኖሜትር በታች ያለውን ብርሃን በማጣሪያ ስከለክል ግን ፌኖሉ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። በዚያው ማጣሪያ ሥር ነጩን ዱቄት ከሜቲሊን ብሉ ጋር ሳስቀምጠው ደግሞ ነጩም ቀለሙን አደበዘዘው፤ ይህ ካታሊስቱ ፈጽሞ በማይሠራበት ብርሃን መሆኑ ነው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ርዕሴ «በሚታይ ብርሃን» የሚል መሆኑ ነው። አማካሪዬ ርዕሱን ለመቀየር ጊዜው አልፏል ይላሉ። ከዚህ ውጤት ጋር ምን ላድርግ?

የድሮ መምህር

ልጄ፣ ርዕሱን አትንኪው። «በሚታይ ብርሃን» የሚለው የጥያቄሽ ስም እንጂ የመልስሽ አይደለም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሸክላው ዱቄት ጀምሪው፤ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ያለውን የብርሃን መዋጥ ሥዕል በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አድርጊ፤ በሥሩ የታዮሳያኔቱን ፎቶግራፍ ለጥፊ። ነጩ ዱቄት ሜቲሊን ብሉን ማደብዘዙን ለብቻው ንዑስ ክፍል ስጪው፤ ፈታኞችሽ በዚህ ጉዳይ ላይ ነው የሚይዙሽ፤ አንቺ ቀድመሽ ከተናገርሽው ግን የሚጠይቁት አይኖራቸውም። የ0.5ቱን ውጤት «በመጠኑ ይሻላል» ብለሽ አትለፊው፤ ሦስቱንም ሙከራዎች በየቁጥራቸው አስቀምጪና በገጽ ስፋት አካፍለሽም አሳዪ፤ 131ና 142 ይቀራረባሉና ልዩነቱ ከስፋቱ እንዳልመጣ በዚያ ይታያል።

የታጠበው ፈዛዛ ቢጫ ዱቄት አሁንም በእጅሽ ካለ ግን አትጣዪው። አሲድ ያልደረሰበት ብረት በውስጡ ያለው እሱ ነው፤ በእውነት ክሪስታሉ ውስጥ የገባ ብረት ካለሽም የሚገኘው እዚያ ነው። እሱን በፌኖል ፈትነሽዋል ወይ?

የላብራቶሪዋ ልጅ

አልፈተንኩትም። ከቢኢቲው የተረፈኝ 0.15 ግራም ነው፤ ለሁለት ሙከራ ይበቃኛል። ሰኞ እጀምረዋለሁ።